ከኋላ የሚመጣ ተኩስ

«ይህን ደጅ ደግመህ ብትረግጥ እግርህን ነው የምሰብረው!»

ድምፁ ግቢውን አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ሲደርስ ስርጉት መሰላል ላይ ቆማ ግድግዳውን በድሪል እየበሳች ነበር። ድሪሉን አጥፍታ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አጎቷ ባየልኝ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ የግቢውን በር ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ጎረቤቱ አያ ባህሩ በትራቸውን ተደግፈዋል። ሽማግሌው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባየልኝ ግን «አንተ» ነው የሚላቸው። የጠቡ መነሻ ግንቡ ነው። ባየልኝ አዲሱን ቤት ሲሠራ ያቆመው የብሎኬት አጥር ከአያ ባህሩ ቤት ወደ መንገድ የምታወጣውን ቀጭን የከብት መሄጃ ዘግቷታል። ሽማግሌው አምስት ላሞቻቸውን ውሃ ለማጠጣት ሰፈሩን በሙሉ መዞር ከጀመሩ ሦስተኛ ወራቸው ነው። «መንገድ እንጅ ቤትህን አልጠየቅሁህም» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ባየልኝ በትራቸውን ከእጃቸው ነጠቀና መንገዱ መሃል ወረወረው። አንድ ባጃጅ በትሩን ላለመርገጥ ተጣሞ አለፈ። አያ ባህሩ ሄደው አነሱት፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ግንቡን ተከትለው ዞረው ሄዱ። ዘበኛው ቸሩ ክላሹን በትከሻው እንዳነገተ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ስርጉት ድሪሏን መልሳ አስነሳች። ምን ልትል ትችላለች? አባቷ የሞተ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት ባየልኝ ነው፤ ጎንደር ልኮ ኤሌክትሮኒክስ ያስተማራትም እርሱ ነው። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ገበያው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ቴሌቪዥንና ዲሽ ትጠግናለች፤ አጎቷ ሲጠራት ግን ሱቋን ዘግታ መምጣቷ የታወቀ ነው። ዛሬ የጠራት ሆም ቴአትር እንድትገጥምለት ነው። ዕቃው ከካርቱም የወጣ ነው። እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በድንበሩ በገላባት በኩል የማይገባ የቤት ዕቃ የለም። ባየልኝ መተማ ዮሐንስ ላይ በዘጠና ሺህ ብር ገዝቶ ከሰሊጥ ጆንያ ጋር በአይሱዙ አስጭኖ አመጣው። አምስት ስፒከር፣ አንድ አምፕሊፋየርና የቡና ጠረጴዛ የምታክል የቤዝ ሳጥን ነው፤ ካርቶን የለው፣ መመሪያ የለው። በአንደኛው ስፒከር ጎን የሆነ ሕፃን የለጠፋት የአበባ ሥዕል ነበረች። ስርጉት በጥፍሯ ልትልጣት ጀመረችና ተወቻት።

ቤቱ ቅዳሜ ይመረቃል። ከጎንደር ባለሀብቶች ይመጣሉ፤ ባየልኝ ስለነዚያ ሰዎች ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። «እዚህ ጋ ነው የማስቀምጣቸው» አለ ላስቲኩ ያልተነሳለትን ትልቁን ሶፋ በመዳፉ እየመታ። «ጥይቱ ከኋላቸው መጥቶ በጆሯቸው ሥር እንዲያልፍ ነው የምፈልገው። ጎንደር ላይ አንድ ሰው ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ዞር ብለህ ታያለህ እኮ!» ስርጉት ሜትሯን ዘርግታ ለካች። ሁለቱን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ አንዱን ከሥሩ መሃል ላይ፣ ሁለቱን ከሶፋው ኋላ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋ ሰቀለች። የኋላዎቹን ገመድ በጂፕሰሙ ኮርኒስ ውስጥ ለማሳለፍ ሁለት ሰዓት ፈጀባት፤ ከሙቀቱ የተነሳ ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ አዲሱን ሴራሚክ አራሰው። ቀዩን ገመድ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አሰረች፤ አንዱ እንኳ ተገልብጦ ቢታሰር ድምፁ ይሳሳል። መጨረሻ ላይ ስትከፍተው የፊተኞቹ ሁለቱ ብቻ ጮኹ። ቴሌቪዥኑ ድምፁን አምስት ቦታ ከፍሎ እንዲልክ አልታዘዘም ነበርና የዓረብኛውን ማዘዣ ወደ እንግሊዝኛ ቀይራ፣ ፈልጋ ፈልጋ አስተካከለችው። ከዚያ መሞከሪያውን ስትነካው እንደ ዝናብ ያለ ሽሽሽታ ከግራው ስፒከር ተነሳ፤ ወደ መሃሉ፣ ወደ ቀኙ፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ እየዞረ ከበባት። ዓይኗን ጨፍና መሃል ሶፋው ላይ ተቀመጠችና በራሷ ሥራ ደስ አላት።

የአጎቷ ሚስት ውባንች ጥግ ባለው ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። አዲሱ ቤት ከገቡ ጀምሮ እንግዳ እንደሆነች ሰው ዳር ዳሩን ነው የምትቀመጠው። «ያን ሽማግሌ በትሩን መቀማት አልነበረበትም» አለች ድንገት፣ ስርጉትን ሳታያት።

«ለምን አይነግሩትም፣ እትየ?»

ውባንች የሶፋውን ላስቲክ የተነሳ ጫፍ አለሳልሳ አስተኛችና ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ላይ ባየልኝ ምሳውን በልቶ፣ እጁን እያደረቀ መጣና አንዲት ፍላሽ ሰጣት። የጦርነት ፊልም ነው። ስርጉት በዘፈን እንሞክረው አለችው፤ በዘፈን ከኋላ ምን ይመጣል ብሎ ሳቀባት። ሙቀቱ የሚያናድድ ስለነበር የሳሎኑ አራት መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል። ይህን ስታይ ፍላሹን በእጇ እንደያዘች ቆመች። በክረምቱ ከከተማው ዳር አንድ ነጋዴ ከነልጁ ታግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ተሰብስቦ ከማንም ቤት ተኩስ ከተሰማ መሣሪያ ያለው ሁሉ ሮጦ እንዲደርስ ተማምሏል። ስብሰባውን የጠራው ባየልኝ ራሱ ነው፤ በዚህ ሰፈር ከእርሱ በላይ አጋች የሚፈልገው ሰው አልነበረምና።

«ጋሼ፣ ለቸሩና ለጎረቤት ልንገር? ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ፊልም ነው፣ እንዳትደነግጡ ብዬ።»

«በገዛ ቤቴ ቴሌቪዥን ለማየት ማንን ነው የማስፈቅደው? ያን ሽማግሌ ነው? ክፈቺ!»

ከፈተች። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ መኪና ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ። ባየልኝ «ጨምሪው» አለ፤ ጨመረችው። ተኩሱ ሲጀምር «ጨምሪው እንጅ!» አለ። እንደገና ጨመረች። የቤዙ ሳጥን ሲመታ የመስኮቶቹ መስተዋት ተንቀጠቀጠ፤ ጥይቱ ከኋላ እየተነሳ በራሳቸው ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ የሚሰካ መሰለ። ባየልኝ እግሩን አንፈራጦ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ዞር እያደረገ እንደ ሕፃን ይስቃል። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ሆኖ ይሆናል። ሁለት ጥይት ከጀርባዋ ተከታትሎ ተሰማ፤ ስርጉት የኋላውን ስፒከር ጥራት በልቧ አደነቀች። ቀጥሎ አንድ ሰው «ወይኔ አምላኬ!» ብሎ ጮኸ። ፊልሙ ውስጥ በአማርኛ የሚጮህ ሰው አልነበረም።

ፊልሙን አጠፋችና ሪሞቱን ጥላ ወጣች። አያ ባህሩ ለጥላ በተሠራው ራኩባ ሥር፣ በረንዳው ሊደርሱ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው በጎናቸው ወድቀዋል። አንደኛው ጫማቸው በሩ ላይ ቀርቷል፤ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃቸው ከክንዳቸው ሥር ተይዟል። ደሙ ከደረታቸው እየወጣ በደረቁ አፈር ውስጥ ወዲያው ይሰርጋል። ዓይናቸው የሳሎኑን በር እያየ ነበር። ስርጉት ነጠላዋን ጠቅልላ ቁስሉን ተጫነችው፤ ሙቀቱ በጣቶቿ መሃል ሲወጣ ተሰማት፤ ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ቸሩ ክላሹን ጥሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። «በጓሮ የገቡ መስሎኝ ወደዚያ ሮጥሁ። ስመለስ መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ አየሁ። ፊታቸውን አላየሁም፣ ፊታቸውን አላየሁም» ይላል።

ባየልኝ በረንዳው ላይ ወጥቶ አየና ስርጉትን በክንዷ ጎትቶ ወደ መኝታ ቤት አስገባት። ውባንች ከጓሮ ቀድማ እዚያ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ስሚኝ» አለ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «እኔ ቤት አልነበርሁም። ብቻሽን ስትሞክሪ ነው የከፈትሽው። ገባሽ? እኔ ነኝ ያልሁ እንደሆነ ዛሬውኑ ይገድሉኛል። የሽማግሌው ልጅ ማተቤ ይገድለኛል። አንቺ ሴት ነሽ፤ ሴት ደም አትጠየቅም።»

«ቸሩስ?»

«ቸሩ ምን ይሁን? የጎጃም ሰው ነው፤ እዚህ ማን ዘመድ አለው?»

«ልንገራቸው ብዬህ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

በጥፊ መታት። ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጋጭታ ስትቃና በደገመው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ስርጉት የውባንችን ዓይን ፈለገች። ውባንች መሬቱን ታያለች። ባየልኝ በጓሮ በር ወጣ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመንገድ እንደመጣ ሰው እየጮኸ በዋናው በር ገባ።

በዚያን ጊዜ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። የአያ ባህሩ ልጅ ማተቤ ከእርሻ ቦታ በሞተር ሳይክል ደርሷል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው፤ አባቱን አገላብጦ ካየ በኋላ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ቸሩን የራኩባው ምሰሶ ላይ በገመድ ጠፍረው አስረውታል። አንዱ በዱላ፣ ሌላው በቀበቶ ብረት ይመታዋል። «ቤት ውስጥ ተኩስ ሰምቼ ነው! እናንተም ሰምታችኋል!» እያለ ይጮሃል። ሰዎች ሳሎኑን ፈትሸው ተመልሰዋል፤ አንድ ቀለህ፣ አንድ የጥይት ቀዳዳ አላገኙም። አንዲት ሴት ከአጥሩ ላይ «ጠዋት በትራቸውን ሲቀማቸው አይቻለሁ! ጠርቶ ነው ያስገደላቸው!» ስትል ሕዝቡ እንደ ንብ ተነሳ። ባየልኝ አሁን ገና መግባቱን እየማለ ወደ ግንቡ ተጠጋ። ማተቤ የቸሩን ቀኝ እጅ ይዞ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና በክላሹ ሰደፍ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ስርጉት በረንዳው ላይ ሆና ሰማችው። «ማን አዘዘህ?» አለ ማተቤ። ዱላው እንደገና ተነሳ። ቸሩ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወርዶ ነበር፤ አንድ ምት፣ ሁለት ምት ቢጨምሩለት እንደማይተርፍ ማንም ያውቃል።

«ፊልም ነው!» አለች ስርጉት። ከጩኸቱ የተነሳ አልተሰማችም፤ ጮክ ብላ ደገመችው። «የሰማችሁት ፊልም ነው! ድምፁን የከፈትሁት እኔ ነኝ!»

ማተቤ ዞር ብሎ የተሰነጠቀ ከንፈሯንና በደም የተነከረ እጇን አየ። «ሰፈሩ በሙሉ የሰማው ተኩስ የቴሌቪዥን ነው ትይኛለሽ? እኔ የቴሌቪዥን ተኩስ የማላውቅ መሰለሽ?»

«ላሰማችሁ።»

የሚሊሻው አዛዥ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር፤ እንደምንም መሃል ገብቶ ዱላውን አስቆመ። እያንዳንዱ ሰው የመሣሪያውን የጥይት ካርታ እንዲነቅል አዘዘ። «ፊልም ነው ተብሏል፤ ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም ነፍስ ያለው ሰው እንዳይተኩስ» አለ ሦስት ጊዜ። ስርጉት ብቻዋን ወደ ሳሎኑ ገባች። ሪሞቱን ካርፔቱ ላይ አገኘችው፤ ጣቶቿ ያጣብቃሉ። ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ድምፁን አጎቷ ያስደረገበት ልክ ላይ አድርጋ ተጫነችው።

ነፋሱ ተሰማ። መኪናው ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ። ተኩሱ ሲከፈት በመስኮቱ ወደ ግቢው ታይ ነበር። ተነግሯቸዋል፤ ራሳቸው ካርታቸውን ነቅለዋል፤ ፊልም መሆኑን የማያውቅ አንድ ሰው እዚያ አልነበረም። ሆኖም ግቢ ሙሉ ሰው አንድ ላይ መሬት ላይ ወደቀ። ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በግንቡ ሥር ተጣበቁ። የሚሊሻው አዛዥ ራሱ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ባዶ ክላሹን ወደ ጣሪያው አነጣጥሯል። ማተቤ በአባቱ አስከሬን ላይ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላታቸውን በክንዱ ሸፍኗል። ቸሩ ታስሮ መውደቅ ስላልቻለ ምሰሶው ላይ እየተንፈራገጠ ይጮኻል። ስርጉት አጠፋችው።

ሰዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ልብሳቸውን አራገፉ፤ እርስ በርስ መተያየት አፍረው ነበር። ማተቤ ግን ቀስ ብሎ ተነሳና በረንዳው ላይ ወጣ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ክፈቺ ያለሽ ማን ነው?»

ስርጉት አጎቷን አየችው። በግንቡ ጥግ ጀለቢያውን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። ትምህርት ቤት በትከሻው ተሸክሞ ያደረሳት ሰው ነው። ውባንች በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ቆማለች። ቸሩ ምሰሶው ላይ ነው፤ ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል።

«ጋሼ ባየልኝ ነው» አለች። «ቤት ነበር። ለጎረቤት ልንገር ብዬው ነበር፤ እንቢ አለኝ። ድምፁን የጨመርሁት ግን እኔ ነኝ።»

ማተቤ ወደ ግንቡ ሲሄድ አልሮጠም። በሰደፉ አፉን መታው። ባየልኝ ወድቆ በእጁ ሲድህ ጥርሶቹ ከደም ጋር ወጡ። ሁለተኛው ምት ጎኑ ላይ አረፈ፤ ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሲል የሚሊሻው አዛዥና አምስት ሰዎች ማተቤን በወገቡ ይዘው አስቆሙት። የቀረው ሕዝብ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ነበርና ወደ ቤቱ ዞረ። ድንጋይ መስኮቶቹን አወረዳቸው። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ነቅለው በረንዳው ላይ ከሰከሱት፤ ስፒከሮቹን ከነገመዳቸው ሲስቧቸው የጂፕሰሙ ኮርኒስ አብሮ ተቀደደ። ስርጉት ጥግ ላይ ቆማ ሁለት ሰዓት የፈጀባት ሥራ ሲበጣጠስ አየች፤ ምንም አልተሰማትም።

ፖሊሶች በፒክአፕ መጥተው ባየልኝንም ቸሩንም ጫኑ። የቸሩ ገመድ ሲፈታ ስርጉትን ቀና ብሎ አያት። «ፊልም ነው?» አላት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ግን ገድያቸዋለሁ» አለና በተሰበረው እጁ ፊቱን ሊሸፍን ሞክሮ አቃተው። ባየልኝ ከመኪናው ላይ ሆኖ «አሳድጌሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላውን ደሙ ዋጠበት። መኪናው ሲሄድ ሰው ተበተነ። ውባንች ወጥታ የስርጉትን የዕቃ ቦርሳ ከደጅ አስቀመጠች። ለደቂቃ ያህል ቦርሳውን እንዳጎነበሰች ይዛው ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ የብረቱን በር ዘጋችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአያ ባህሩ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ባለቤታቸው ወለተሥላሴ ጠዋት መተማ ዮሐንስ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው በስልክ «ባህሩ ታሟል» ተብለው ነው የተመለሱት። ስርጉት ግንቡን ዞራ ስትመጣ መንገዱ ዳር ባጃጅ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች «ሽማግሌው ለፊልም ሞተ እኮ» ተባብለው ሲሳሳቁ ሰማች። ሱቋ መሄድ ትችል ነበር። ሁለት ጊዜ ዞራ ተመልሳለች። በሩ ላይ ማተቤ ቆሞ ነበር፤ አያትና መንገዱን አልለቀቀላትም። ከውስጥ «ይች ናት» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ፤ ልቅሶው ተቋረጠ።

«ተዋት፣ ትግባ» አሉ ወለተሥላሴ።

መሬት ላይ በምንጣፍ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ድምፃቸው ከመዘጋቱ የተነሳ ሰው ካላጎነበሰ አይሰማቸውም። ስርጉት ፊታቸው ተንበረከከች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት በእጃቸው አስቆሟት።

«ከሚኒባስ ስወርድ ለፊልም ሞተ አሉኝ» አሉ። «አንዱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖርሁ፤ ቂል አልነበረም። ሰው ሁሉ ቂል አደረገብኝ። የዚህ ሙያ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉ። እስኪ ንገሪኝ፤ እውነት ይመስል ነበር?»

«ሁለተኛ ጊዜ ስከፍተው ፊልም ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ ተነግሯቸው ነበር፣ እማማ። ግቢ ሙሉ ሰው መሬት ላይ ተኛ። ሚሊሻዎቹ ተኙ። ማተቤም ተኛ። እኔ የገጠምሁት ራሴ፣ ቤት ውስጥ ሆኜ፣ እርሳቸውን የመታውን ጥይት ከስፒከሩ መለየት አልቻልሁም። ማንም አይለየውም።»

ወለተሥላሴ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። ማተቤ በሩ ላይ እንደቆመ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያስ አልተሳሳተም» አሉ። ከዚያ ወደ ተቀመጡት ሴቶች ዞረው፣ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው የቻሉትን ያህል ጮክ ብለው ደገሙት። «ሰማችሁ? ባህሩ አልተሳሳተም። ሰው ሊያድን ነው የሄደው።»

ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ለስርጉት ቦታ ለቀቁላት፤ የባላቸውንም ስም ጠርተው ልቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩ።